ሌቦቹ በ81 ደቂቃ ጨርሰው ሄዱ፣ ፊልሙ ግን አራት ክፍል ፈጀ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የወንጀል ድራማ ሱሰኛ ነኝ። በተለይ ያቺ የምታውቋት ዓይነት ክፍል አለች አይደል? አቧራ የጠገበ ካርቶን ከመጋዘን የሚወጣባት፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ሳምንት የቀረው መርማሪ "ይቺ ፋይል እንቅልፍ ነስታኛለች" የሚልባት፣ ከዚያ አንዲት ወጣት ፖሊስ አንድ የደበዘዘ ፎቶ ላይ አፍጥጣ ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ልብ ያላለውን ነገር የምታገኝባት። እሷን ክፍል መቶ ጊዜ ባያት አልጠግባትም። መጨረሻዋንም አውቀዋለሁ። ሌባው ገና ሲጀመር ለመርማሪዎቹ ቡና ያቀረበው ትሁት ሰውዬ ነው። ቢሆንም አያለሁ።

ሰሞኑን ያየሁት ግን የዚያ ተቃራኒ ነው። ኔትፍሊክስ ላይ "ዚስ ኢዝ ኤ ሮበሪ" የሚባል ባለ አራት ክፍል ዘጋቢ ፊልም አለ። "ይህ ዘረፋ ነው" እንደማለት። የወጣው እ.ኤ.አ. 2021 ላይ ነው፣ ዳይሬክተሩ ኮሊን ባርኒክል ይባላል። አዲስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ። የሚያወራውም ቦስተን ውስጥ ከኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየም በ1990 ስለተሰረቁት 13 ዕቃዎች ነው። ኤፍቢአይ በ2013 ዋጋቸውን 500 ሚሊዮን ዶላር ብሎታል። እስከ ዛሬ አንዱም አልተገኘም። አንድም ሰው በዚህ ስርቆት አልተከሰሰም። ስለዚህ መጨረሻውን ነግሬ ደስታችሁን አበላሻለሁ ብዬ አልሰጋም። የሚበላሽ መጨረሻ የለውም።

ከታናሽ እህቴ ጋር ነው ያየሁት። እሷ የወንጀል ፊልም አትወድም። ሥዕል ግን ትወዳለች። ይሄ ልዩነታችን በኋላ ጉድ አፍልቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርች 18 ቀን 1990፣ ለእሁድ አጥቢያ። ቦስተን የቅዱስ ፓትሪክን በዓል ስታከብር አምሽታ ከተማው ገና ሞቅ እንዳለው ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7፡24 ላይ የፖሊስ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሰዎች የሙዚየሙን የጎን በር ደወል ይጫናሉ። ረብሻ አለ ተብለን ነው የመጣነው ይላሉ። በሩ ላይ የነበረው የ23 ዓመት ጥበቃ ይከፍትላቸዋል። ደንቡ አትክፈት ነው የሚለው። ግን ፖሊስ ነኝ ያለ ሰው በር ላይ ሲቆም በዚያ ዕድሜ ስንቶቻችን ነን "ይቅርታ ጌታዬ፣ አልከፍትም" የምንለው? እኔ በበኩሌ ከፍቼ ሻይ ልበላችሁ የምል ይመስለኛል።

ቀጥላ የምትመጣዋ ዘዴ ናት ያስደመመችኝ። አንደኛው ሰውዬ ልጁን ትክ ብሎ ያየውና መልክህን አውቀዋለሁ፣ የእስር ማዘዣ ወጥቶብሃል መሰለኝ፣ እስቲ ወዲህ ና መታወቂያህን አሳየኝ ይለዋል። ልጁ ግራ ተጋብቶ ከጠረጴዛው ጀርባ ይወጣል። አለቀ። ሕንጻው ውስጥ ወደ ውጭ እርዳታ የሚጠራ ቁልፍ አንድ ብቻ ነበር። እሱም እዚያው ጠረጴዛ ላይ። ልጁ ጥቂት እርምጃ ሲርቅ ሙዚየሙ በሙሉ ከዓለም ተቆረጠ። ጠመንጃ የለ፣ ጣሪያ መብሳት የለ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ መውረድ የለ። አንዲት ውሸት ብቻ።

ሁለተኛው ጥበቃ ተጠርቶ ሲመጣ እሱንም ካቴና ውስጥ ያስገቡታል። ለምን ታስሩኛላችሁ ሲል፣ እያሰርንህ አይደለም፣ ይህ ዘረፋ ነው ይሉታል። ርዕሱ ከየት እንደመጣ ገባችሁ። ከዚያ የሁለቱንም ፊት በሰፊ ፕላስተር ጠቅልለው ምድር ቤት ወስደው ያስሯቸዋል። እስኪነጋም ማንም አልደረሰላቸውም።

የመጀመሪያው ክፍል ይህን ሌሊት ነው የሚያሳየው። እውነቴን ነው፣ ካየኋቸው የወንጀል ፊልሞች ሁሉ ይቺ ክፍል ከፊተኞቹ መሃል ናት። ምክንያቱም አትቸኩልም። ሙዚየሙ ውስጥ እንቅስቃሴ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ነበሩ። ሌቦቹ ሲወጡ የካሜራውን ካሴትና የታተመውን ወረቀት ይዘው ሄዱ፣ መረጃው ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደቀረ ግን አላሰቡም። ስለዚህ የትኛው ክፍል በስንት ሰዓት እንደገቡ በደቂቃ ይታወቃል። የሌቦቹ መልክ አይታወቅም፣ ስማቸው አይታወቅም፣ እርምጃቸው ግን አንድ በአንድ ተመዝግቧል። እንዲህ ዓይነት ነገር ደራሲ ቢጽፈው አጋነነ ይባላል።

እስቲ ይህን አስቡት። ከገቡ በኋላ የደች (የኔዘርላንድ) ሥዕሎች ወዳሉበት ክፍል የደረሱት 7፡48 ላይ ነው። 24 ደቂቃ ሙሉ! በድራማ ላይ የምናያቸው ሌቦች እኮ ሰዓት እየቆጠሩ፣ እያላባቸው፣ "ሁለት ደቂቃ ቀረን" እየተባባሉ ነው። እነዚህ ግን የቤታቸው ሳሎን ይመስል ተንሸራሸሩ። ከሌሊቱ 8፡45 ላይ ወጡ። ጠቅላላ 81 ደቂቃ። እህቴ "ፖሊስ እንደማይመጣባቸው እንዴት እርግጠኛ ሆኑ?" አለች። ይህ ነው እንግዲህ ጥያቄው። የውስጥ ሰው ነበራቸው? ወይስ ዝም ብለው ደፋሮች?

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። እዚህ ላይ እህቴ ነች መምህሬ። ከተወሰዱት አንዱ ሬምብራንት በ1633 የሳለው "ክርስቶስ በገሊላ ባሕር ማዕበል" ነው። ሬምብራንት በሕይወቱ የሳለው የባሕር ሥዕል ይህ ብቻ ነው። ታሪኩን ሁላችንም ከወንጌል እናውቀዋለን፣ ማዕበሉ ሲነሳ፣ ደቀ መዛሙርቱ ሲንጫጩ። ጀልባዋ ላይ ያሉትን ብትቆጥሯቸው 14 ናቸው። ክርስቶስና 12ቱ ሲደመሩ 13። አሥራ አራተኛው ራሱ ሬምብራንት ነው፣ ባርኔጣውን ይዞ ወደ እኛ እያየ። ይህን ሥዕል ነው ሌቦቹ በስለት ከፍሬሙ ዙሪያውን ቆርጠው ያወጡት። ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ቁመት ያለው የሦስት መቶ ምናምን ዓመት ሸራ። እህቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን በትራስ ሸፈነች። እኔ ሰው ሲገደል እንኳ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው የማየው፣ እዚህ ጋ ግን እኔም ከበደኝ።

ቨርሜር የሚባለው ሰዓሊ ደግሞ በዓለም ላይ የታወቁለት ሥዕሎች 35 ገደማ ብቻ ናቸው። ከነሱ አንዱ፣ "ኮንሰርቱ" የተባለው፣ እዚህ ነበር። የሙዚየሙ መሥራች ወይዘሮ ጋርድነር በ1892 ፓሪስ ላይ በጨረታ የገዛችው ነው። እሱም ሄደ።

እስካሁን ያለው ዕውቀት ያለው ሌባ ሥራ ይመስላል አይደል? ቀጥሉ። የናፖሊዮን ክቡር ዘበኛ ባንዲራ ነበረ፣ እሱን ከግድግዳ ሊፈቱት ታገሉ፣ ብሎኑ እምቢ አላቸው፣ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችውን የነሐስ ንስር ነቅለው ሄዱ። አንድ ጥንታዊ የቻይና የነሐስ ጽዋ ወሰዱ። ቴምብር የምታክል የሬምብራንት ህትመት ወሰዱ። ዴጋ ከሚባለው ፈረንሳዊ ሰዓሊ አምስት የወረቀት ሥራዎች ወሰዱ። ሬምብራንት ነው ሲባል የኖረና በኋላ የተማሪው የጎቨርት ፍሊንክ መሆኑ የታወቀ ሥዕልም ወሰዱ። እዚያው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን፣ ብዙ ባለሙያዎች የሙዚየሙ ቁንጮ የሚሉትን የጣሊያናዊውን ሰዓሊ የቲሺያንን "ዩሮፓ" ግን ጭራሽ ወደ ላይ ወጥተው አላዩትም።

እስኪ በሞቴ፣ ይህ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ገበያ ወጥቶ የማያውቅ ሰው የላከው ይመስላል። በጥሩ ድራማ ቢሆን ለንስሯ ምክንያት ይሰጣት ነበር። ውስጧ ቁልፍ ይገኛል፣ ወይም የአለቃው አያት የናፖሊዮን ወታደር ነበሩ ይባላል። እዚህ ግን ንስር ንስር ናት። ለብቻዋ 100,000 ዶላር ወሮታ ተቆርጦላታል፣ እስከ ዛሬ ይዟት የመጣ የለም።

እንግዲህ ፊልሙን የምወድበት ቦታ ይህ ነው። ሌሊቱ ላይ። ከዚያም ፍሬሞቹ ላይ። ኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየሙን በ1903 ከፈተችው፣ በ1924 ሞተች። በኑዛዜዋ ያሰፈረችው ነገር ያስቃልም ያስፈራልም። እኔ ካስቀመጥኩበት ቦታ አንድም ነገር እንዳይነቃነቅ፣ ከተነቃነቀ ሁሉም ተሽጦ ገንዘቡ ለሃርቫርድ ይሁን ብላለች። ስለዚህ ሙዚየሙ ባዶ ቦታው ላይ ሌላ ሥዕል አይሰቅልም። ባዶዎቹ ፍሬሞች ዛሬም እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ጎብኚ ይመጣል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ ባዶ ፍሬም አይቶ ይሄዳል። ካሜራው እነሱ ላይ ሲቆም ሙዚቃ ባይኖር እመርጥ ነበር፣ ግን ችግር የለም። ለቅሶ ቤት ውስጥ የሟች ወንበር ማንም ሳይቀመጥበት ሲቀር እንደሚሰማው ስሜት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ፊልሙ ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። ሌሊቱ አልቋል፣ ገና ሦስት ክፍል ቀርቷል። ምን ይደረግ? ማፊያ ይጠራ። የቦስተን ወሮበሎች አንድ በአንድ ይመጣሉ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ስም፣ ቅጽል ስም፣ ማን ከማን ጋር እስር ቤት እንደነበረ፣ ማን የማን ሾፌር እንደነበረ። እኔ ስም አይጠፋብኝም እያልኩ የምኮራ ሰው ሦስተኛው ክፍል ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ። እህቴ ግን ብልህ ናት፣ ተኛች። ለሰርግ ጥሪ ዝርዝር የሚያወጣ ሰው እንኳ ይህን ያህል ስም አይጠራም።

ድጋሚ ትወናዎቹም አሉ። ፊት የሌላቸው ሰዎች፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ በዝግታ የሚሄድ እግር። አንዴ ጥሩ ነው። ሁለተኛም ይሁን። ያንኑ የእጅ ባትሪ ለብዙኛ ጊዜ ሳየው ግን ባትሪው አያልቅም እንዴ አልኩ።

ከዚህ ሁሉ መሃል ግን አንድ ሰው አለ፣ ለእሱ ስል ሁለተኛውን ክፍል ይቅር ብያለሁ። ማይልስ ኮነር ይባላል። የታወቀ የሥዕል ሌባ ነው፣ ካሜራ ፊት ቁጭ ብሎ እየሳቀ ያወራል። ይህ ሰው በ1975 ከዚያው ከቦስተን ከሌላ ሙዚየም የሬምብራንት ሥዕል በጠራራ ፀሐይ ሰርቆ ወጣ። ሊሸጠው አይደለም። በሌላ ወንጀል እስር ይጠብቀው ነበርና ሥዕሉን መልሶ ቅጣቱን አስቀነሰ። ገባችሁ? ሥዕሉ ሸቀጥ አይደለም፣ መያዣ ነው። የጋርድነሩ ሌሊት እሱ ራሱ እስር ቤት ነበር፣ ስለዚህ እሱ አይደለም። ግን መንገዱን ለመላው የቦስተን ወሮበላ ያሳየ እሱ ነው። ሬምብራንት ከሰረቅህ ጓደኛህን ታስፈታበታለህ የሚል ትምህርት።

ይህቺ ሐሳብ ናት ከድራማዎቻችን ሁሉ የተለየችብኝ። ፊልም ላይ ሁልጊዜ አንድ ሚስጥራዊ ሀብታም አለ፣ ደሴት ላይ ያለው፣ የተሰረቀውን ሥዕል ምድር ቤት ሰቅሎ ብቻውን ወይን እየጠጣ የሚያየው። እውነተኛው ዓለም ላይ ግን በሥዕል ስርቆት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። የታወቀ ሥዕል ማንም አይገዛም፣ ገዢው የት ይሸጠዋል? ሌባ የሚሰርቀው ቀላል ስለሆነ ነው፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል። ሥዕሉም ከሰገነት ወደ ሰገነት፣ ከመኪና ኮፈን ወደ መኪና ኮፈን ሲዞር ይኖራል። ያ ማዕበል የመታው ጀልባ አሁን የት እርጥበት እየመታው እንደሆነ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ከማፊያዎቹ ውስጥ አሳማኝ የመሰለኝን ልንገራችሁ። ቦቢ ዶናቲ የሚባል ሰው አለ፣ አለቃውን ከእስር ለማስፈታት ሲል ዘረፋውን አቀነባብሯል ይባላል። በ1991 ተገደለ። ከዚያ በቦስተኑ የዶርቸስተር ሰፈር ባለ መኪና ጥገና ቤት ዙሪያ የሚሰባሰቡ የካርሜሎ ሜርሊኖ ሰዎች አሉ። ከነሱም ሁለቱ በዚያው በ1991 ሞቱ። ኤፍቢአይ በ2013 ሌቦቹን አውቀናቸዋል አለ፣ ስም ግን አልጠራም። በ2015 ደግሞ ሁለቱም ሞተዋል አለ። እንዲህ ያለ መልስ ምን ይባላል? ሌባውን ይዘነዋል፣ ማንነቱን አንነግራችሁም፣ ደግሞም ሞቷል። ድራማ ጸሐፊ ይህን ጽፎ ቢያመጣ አዘጋጁ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ይወረውርለታል።

አራተኛው ክፍል ሮበርት ጄንታይል ላይ ያተኩራል። ኮነቲከት ውስጥ የሚኖር በሽተኛ ሽማግሌ። የአንድ የሞተ ወሮበላ ባልቴት በ2010 ለኤፍቢአይ፣ ባሌ ሥዕሎች ለዚህ ሰው ሲሰጠው አይቻለሁ አለች። ከዚያ በ2012 ቤቱ ተፈተሸ። የፖሊስ ባርኔጣ፣ ካቴና፣ ሌላም ተገኘ። አንዲት ወረቀትም ተገኘች፣ የተሰረቁት ሥዕሎች ስም በዝርዝር ተጽፎባት፣ ጎን ለጎን በጥቁር ገበያ ስንት ሊያወጡ እንደሚችሉ ዋጋ ተለጥፎ። ግቢው ውስጥ ያለች የዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ ወለል ሲነሳ ከሥሩ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን።

ባዶ።

እኔ ሶፋዬ ላይ ቆሜ ነበር። ሰዉዬው እስከ 2021 ሞቱ ድረስ አላውቅም እንዳለ ነው ያለፈው። ሙዚየሙ 5 ሚሊዮን ዶላር ወሮታ እያለ፣ ሰውዬው ታሞ፣ አርጅቶ፣ እስር ቤት ሆኖ አልተናገረም። ወይ አያውቅም፣ ወይ ሥዕሎቹ ተበላሽተዋል፣ ወይ የሚያውቀው ነገር ግማሽ ነው። እኔ ሦስተኛውን እላለሁ። ግን ማን ጠየቀኝ?

ፊልሙ ግን እዚህ ጋ ያናደደኝ ነገር አለ። መልስ እንደሌለው እያወቀ መልስ ያለው ለመምሰል ይታገላል። ሙዚቃው ይጨምራል፣ ፎቶዎቹ በቀይ ክር ሊገናኙ ምንም አይቀራቸው፣ ልክ ያቺ ወጣት ፖሊስ አሁን ትገባና "አገኘሁት!" ትላለች የሚያስብል። አትገባም። መጀመሪያ ክፍል ላይ የነበረው ትዕግስት የት ሄደ? ሌሊቱን እንዳለ አሳይቶን ስናበቃ የሞቱ ሰዎችን ሰልፍ ማሳየት ለምን? የሞተ ሰው እንደሆነ አይከራከር፣ ምን ብትለው ዝም ነው።

ካየሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስለ ጉዳዩ ሳነብ አመሸሁ። በ1994 አንድ ያልታወቀ ሰው ለሙዚየሙ ደብዳቤ ጻፈ። በ2.6 ሚሊዮን ዶላር እመልሳለሁ፣ ከተስማማችሁ ቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ላይ በውጭ ምንዛሪ ዝርዝሩ ውስጥ ቁጥር 1 ጨምራችሁ አሳዩኝ አለ። ጋዜጣው በሜይ 1 እትሙ ከጣሊያን ሊሬ ጎን 1 ቁጥር ጨምሮ አወጣ። ሰውየው አንድ ተጨማሪ ደብዳቤ ልኮ ፈራ መሰለኝ ጠፋ። ይህቺ ብቻዋን አንድ ሙሉ ክፍል ይወጣታል! በ1997 ደግሞ አንድ የቦስተን ሄራልድ ጋዜጠኛ በሌሊት መጋዘን ተወስዶ በእጅ ባትሪ ብርሃን የማዕበሉን ሥዕል የሚመስል ነገር አሳዩት። እውነተኛው ይሁን ቅጂ እስከ ዛሬ ክርክር ነው።

የማያዝናኑ ነገሮችም አሉ። ሥዕሎቹ የስርቆት ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ለስርቆቱ ወንጀል የተቀመጠው ይርጋ በ1995 አልፏል፣ ማለትም ሌባው ዛሬ ቢመጣና እኔ ነኝ የሰረቅሁት ቢል በዘረፋው አይከሰስም። ወሮታው መጀመሪያ 1 ሚሊዮን፣ በ1997 5 ሚሊዮን፣ በ2017 10 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። በዚያው በ2017 ጥበቃዎቹ የታሰሩበት ካቴናና ፕላስተር ከኤፍቢአይ እጅ ጠፍቶ እንደነበር በጋዜጣ ተዘገበ። በእኔ ድራማ እኮ ያ ካርቶን ሲከፈት ፕላስተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ላቦራቶሪ ይሄዳል፣ ማስታወቂያ ከመግባቱ በፊት ዲኤንኤው ይመጣል። እዚህ ካርቶኑ ራሱ ጠፍቷል።

እንግዲህ ማየት አለባችሁ ወይ? የመጀመሪያውን ክፍል አዎ፣ በደንብ፣ መብራት አጥፍታችሁ። ሁለተኛውን ለማይልስ ኮነር ስትሉ። ሦስተኛውን ልብስ እየተኮሳችሁ ብታዩት ምንም አያመልጣችሁም። አራተኛው ለዚያች ባዶ ሳጥን ይገባዋል። እንግሊዝኛው የቦስተን ንግግር ስለሆነ "ር" የምትባል ፊደል በብዛት ትዋጣለች፣ የጽሑፍ ትርጉሙን ከስር አብሩት። ከአሥር ስንት ካላችሁኝ ሰባት። እህቴ አምስት ነው ያለችው፣ ግን ግማሹን ተኝታ ስለነበር ድምጿን አልቆጠርኩትም።

አንድ ነገር ግን ሳልል ብሄድ ይቆጨኛል። የፈረንሳዊው ሰዓሊ የማኔ ትንሽ ሥዕል ነበረች፣ "ሼ ቶርቶኒ" የምትባል፣ ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ባርኔጣ ያደረገ ሰው። የነበረችው ከመሬት እኩል በሆነው ወለል ላይ ባለው ሰማያዊ ክፍል ነው። ሌቦቹ ከገቡ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ የእንቅስቃሴ መሣሪያዎቹ ማንንም አልመዘገቡም። በዚያ ሌሊት እዚያ የተመዘገበው ብቸኛ እርምጃ ሌቦቹ ከመምጣታቸው በፊት በሩን የከፈተላቸው ጥበቃ ዙር ሲዞር የረገጠው ነው። ሰውየው ደጋግሞ ንጹሕ ነኝ ብሏል፣ ተከስሶም አያውቅም። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል የሚሉ አሉ፣ በኋላ ሲሞከር ግን ይሠራ ነበር።

እና የሥዕሏ ፍሬም የት ተገኘ? የሙዚየሙ የጥበቃ ኃላፊ ቢሮ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ።

ይህን ሲሉ ፊልሙን አቁሜ ወደ ኋላ መለስኩት። ሁለቴ። እህቴ ነቅታ "ምን ሆንክ?" አለችኝ። ነገርኳት። ዓይኗን እያሸች "ማነው ወንበር ላይ ያስቀመጠው?" አለች፣ ከዚያ ያ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ሥዕል ምን እንደሚመስል ስልኬ ላይ ፈልጌ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው።